በገና ከአዲስ አበባ ወደ ጀርመን፦ ጉምሩክ ላይ የገጠመኝ

ውጭ አገር ሆናችሁ በገና፣ ክራር ወይም መሰንቆ ከአገር ቤት ለማስመጣት ካሰባችሁ፣ እባካችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን ጽሑፍ አንብቡ። የምኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት አካባቢ ነው። በገናዬ እጄ ከገባ ቆይቷል። እስኪገባ ድረስ ግን ብዙ ተንገላትቻለሁ። አብዛኛው እንግልት ደግሞ አንድ የሚያውቅ ሰው ቀደም ብሎ ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ የሚቀር ነበር።

በገና መደርደር የጀመርኩት በቤተ ክርስቲያናችን ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ተማሪው ብዙ፣ በገናው አንድ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሁሉም ቤቱ ወስዶ መለማመድ ይፈልጋል። በሳምንት አንዴ ለጥቂት ደቂቃ ነክቶ ደግሞ በገና አይለመድም። እዚህ አገር ጊታር በየሱቁ አለ፤ በገና ግን የለም። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ አፈላልጎ አንድ ሠሪ አገኘልኝ። ከዋንዛ የሚሠሩ፣ አውታሩን ከበግ አንጀት ራሳቸው የሚያዘጋጁ አባት ናቸው። በቪዲዮ ስንነጋገር መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ዋጋ አልነበረም። «ልጄ፣ ቁመትሽ ስንት ነው? ስትቀመጪ ክንድሽ እስከየት ይደርሳል?» ነበር ያሉኝ። ያኔውኑ ልቤ ወደዳቸው።

ዋጋው ወደ ዩሮ ሲመነዘር 280 ሆነ። ግማሹን ቀብድ፣ ግማሹን ሲያልቅ። የአክስቴ ልጅ ነበር የሚከፍለው፤ እኔ ለሱ እልክለታለሁ። እሱ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ሊሄድ ነበር። ሰውየው «በቴሌብር ይሁንልኝ» ስላሉት በቴሌብር ከፈለ። ያኔ ማንም ልብ ያላለው ይህ ነገር በኋላ አወጣኝ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው ነው፦ በምንም ይሁን በምን፣ የክፍያው ማስረጃ የሚቀር አድርጋችሁ ክፈሉ። ባንክ፣ ቴሌብር፣ ሕጋዊ የገንዘብ ማስተላለፊያ፣ የትኛውም ይሁን። በእጅ የተሰጠ ብር ጉምሩክ ፊት ምስክር የለውም።

መቃኛውን ከዞጲ እንዲያደርጉልኝ ጠይቄ ነበር። ጥቁር እንጨት ነው፤ ያምራል፤ ጠንካራም ነው። ዞጲ ግን ሮዝውድ እንደሚባለው እንጨት ሁሉ ዳልበርጂያ ከሚባለው የዛፍ ወገን ነው። ዓለም አቀፉ የብርቅዬ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድ ስምምነት፣ ሳይተስ የሚባለው፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቆጣጠረዋል። ተሠርቶ ያለቀ የሙዚቃ መሣሪያ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ከዚህ ቁጥጥር ነፃ ሆኗል። ሆኖም ጉምሩክ ላይ ቆሞ ይህን ማስረዳት ለምን ያስፈልጋል? ሁሉም ከዋንዛ ሆነ። የዝሆን ጥርስ ግን አሮጌም ቢሆን፣ ትንሽዬ ጌጥም ብትሆን፣ ፈጽሞ እንዳታስገቡ። እሱ ቀልድ አያውቅም።

በገናው እንዳለቀ ሠሪው ፎቶ ላኩልኝ። እንጨቱ ጭስ የጠጣ ይመስላል። «ያረጀ እንዲመስል አድርጌዋለሁ፤ የውጭ ሰው እንዲህ ነው የሚወደው» አሉኝ። እውነትም ያምር ነበር። ችግሩ ከአገር መውጫው ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለፈቃድ ከኢትዮጵያ አይወጣም። መስቀል የተቀረጸበት፣ የጠቆረ፣ የገረጀፈ የሚመስል በገና ያየ ፈታሽ ቅርስ ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ይዞት ሲሄድ «አሮጌ ላለመሆኑ ወረቀት አምጣ» ተብሎ ተመለሰ። አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ካለው የቅርስ ባለሥልጣን መሣሪያው ታይቶ አዲስ የእጅ ሥራ ለመሆኑ ማረጋገጫ ይሰጣል። እሱን አውጥቶ ነው የተፈቀደለት። ይህን ቀድማችሁ ብታስጨርሱት ይሻላል። ሠሪውም በገበቴው፣ ማለትም በድምፅ ሣጥኑ፣ ውስጠኛ ክፍል ስማቸውንና የተሠራበትን ዓመት ይጻፉበት። ያረጀ አስመስሎ ማጥቆሩም ይቅር። አዲስ ነገር አዲስ ይምሰል።

ካርቶኑም ቤት ታሽጎ አይወሰድም። የሚላክ ዕቃ ከመታሸጉ በፊት ይፈተሻል። ቴፕና መቀስ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ታሽጉታላችሁ።

አሁን ወደ መላኪያው ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ፈጣን መልእክት ድርጅቶች የሚያስከፍሉት ዕቃው በሚመዝነው ኪሎ ብቻ አይደለም። ካርቶኑ የሚይዘውን ቦታም ወደ ኪሎ ይቀይሩታል። ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን በሴንቲሜትር ያባዙና ለ5000 ያካፍላሉ። ከሁለቱ የበለጠው ይያዛል። የኔ ካርቶን 120 በ60 በ30 ነበር። አባዙት፤ 216,000 ይመጣል። ለ5000 ሲካፈል 43 ኪሎ ከምናምን። በገናው ግን አንድ ሰው በአንድ እጁ የሚያነሳው ነው። ድርጅቶቹ የነገሩን የመላኪያ ዋጋ ከበገናው ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በመጨረሻ በፖስታ ቤት በኩል በ190 ዩሮ ተላከ። ፖስታ ቤት ደግሞ የራሱ የርዝመትና የዙሪያ ገደብ ስላለው፣ ካርቶኑን ከማሠራታችሁ በፊት ልኬቱን ጠይቁ።

የመላኪያውን ሂሳብ ይህን ያህል ያስረዘምኩት ያለምክንያት አይደለም። ቀረጥና ቫት የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ይመስለን ነበር። አይደለም። የመላኪያ ክፍያው ተደምሮበት ነው። መላኪያው በጨመረ ቁጥር ግብሩም ይጨምራል።

ፓኬጁ ቤቴ አልመጣም። የመጣው ደብዳቤ ነው። ጀርመኖች ጉምሩካቸውን ዞል ይሉታል። ደብዳቤው ዕቃዬ የትኛው የዞል ቢሮ እንዳለ፣ እስከየትኛው ቀን እንደሚቆይ፣ ምን ይዤ መምጣት እንዳለብኝ ይናገራል። ኢንቮይስና የክፍያ ማስረጃ ይላል። ቀኑ ካለፈ ዕቃው ወደ ላኪው ይመለሳል። ስለዚህ ደብዳቤው እንደደረሳችሁ ከነገ ዛሬ አትበሉ። ከተማ ውስጥ ከሌላችሁ ሌላ ሰው በውክልና ወረቀት ሊያወጣላችሁ ይችላል።

ቢሮው ውስጥ ረዥም ጠረጴዛ አለ። ሠራተኛዋ በዕድሜ ገፋ ያለች፣ ትሁት ሴት ናት። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ካርቶን መቁረጫ ቢላ ሰጠችኝ። የሚከፍተው ባለቤቱ ነው። ስከፍተው መጀመሪያ የወጣው የቆዳና የእንጨት ሽታ ነው። ቀጥሎ ሌላ ሽታ መጣ፤ የንጥር ቅቤ። አክስቴ በገበቴው ጎን ያለውን ባዶ ቦታ አይታ ልቧ አልቻለም። ንጥር ቅቤ በፕላስቲክ ዕቃ፣ ቋንጣ በከረጢት፣ በርበሬ ደግሞ በጨርቅ ጠቅልላ ጎዝጉዛበታለች። የእናት እጅ ነው፤ ምን ይባላል? ነገር ግን ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካለ አገር በፖስታም በሻንጣም ማስገባት ክልክል ነው። ቅቤውና ቋንጣው እዚያው ተወሰደ፤ ይወገዳል ማለት ነው። በርበሬው ተመለሰልኝ። ሠራተኛዋ ከዚያ በኋላ ካርቶኑን እስከ ታች ድረስ አየችው። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ዕቃ አንዴ ከተገኘ የተጻፈውም አይታመንም። ቤተሰቦቻችሁን ቀድማችሁ ንገሩ፦ በገናው ካርቶን ውስጥ ከበገና በቀር ምንም እንዳይገባ።

ዋናው ችግር ግን ገና ነበር። በካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ስጦታ፣ 20 ዩሮ» ይላል።

ይህ እኛ ዘንድ የተለመደ ምክር ነው። «ስጦታ በሉት፣ ዋጋውን ዝቅ አድርጉት፣ አይቀረጥም» ይባላል። የሞላው ሰው ሊረዳኝ ብሎ ነው፤ በጎ ሐሳብ ነው። ሠራተኛዋ ወረቀቱን አየች፣ በገናውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ከላይ በአግድም ያለው እንጨት፣ ቀንበሩ፣ ላይ ያለውን ቅርጽ በጣቷ ነካ አድርጋ «ይህን ሰው በእጁ ነው የሠራው፤ 20 ዩሮ አይሆንም» አለች። ትክክል ናት። የገዛሁት መሆኑን፣ ዋጋውም 280 ዩሮ መሆኑን ነገርኳት። የቴሌብሩን ማረጋገጫ ከስልኬ አሳየኋት፤ የቀብዱንም የቀሪውንም። ከሠሪው ጋር የተጻጻፍነውንም ተረጎምኩላት። ኢንቮይስ ስላልነበረ ግን ያን ቀን አላለቀም። ሠሪው ኢንቮይስ ጽፈው ፎቶውን እስኪልኩልኝ በገናው እዚያው አደረ።

እንግዲህ ስለ ስጦታ በደንብ ላስረዳ። ስጦታ ከቀረጥና ከቫት ነፃ የሚሆነው ግለሰብ ለግለሰብ ሲልክ፣ ምንም ክፍያ ሳይኖር፣ ዋጋው እስከ 45 ዩሮ ሲሆን ነው። የገዛችሁት ነገር ስጦታ አይደለም፤ የላከው የአክስታችሁ ልጅ ቢሆንም። የሐሰት ዋጋ መጻፍ ጀርመን ውስጥ የግብር ማጭበርበር ተብሎ ሊያስቀጣ ይችላል። ሌላም ጉዳት አለው። ዕቃው መንገድ ላይ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ካሳው ከተጻፈው ዋጋ አያልፍም። በገናችሁ ተሰንጥቆ ቢመጣ 20 ዩሮ ምን ያደርግላችኋል?

ሂሳቡ እንዲህ ወጣ። የበገናው 280፣ መላኪያው 190፣ ድምሩ 470 ዩሮ። ቀረጡ 3.2 በመቶ ነው፤ 15 ዩሮ ከ4 ሳንቲም። ከዚያ በሁሉም ድምር ላይ 19 በመቶ ቫት፤ 92 ዩሮ ከ16 ሳንቲም። በጠቅላላው 107 ዩሮ ከ20 ሳንቲም ከፈልኩ። አያችሁ? ሁላችንም የምንፈራው «ቀረጥ» የሚባለው ትንሹ ነው። ብዙውን የሚወስደው ቫቱ ነው። እሱን ደግሞ በዘዴ የምታመልጡበት መንገድ የለም። ዕቃውን ያመጣላችሁ ፈጣን መልእክት ድርጅት ከሆነ እሱ ራሱ ጉምሩኩን ጨርሶ ቤታችሁ ያመጣዋል፤ ለዚህም የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል። በጀት ስታወጡ እሱንም አስቡት።

ትንሹ የተባለውን ቀረጥ ግን ዜሮ ማድረግ ይቻላል። ይህን የነገረችኝ ያችው ሠራተኛ ናት። ኢትዮጵያ በማደግ ላይ ካሉት አገሮች እጅግ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው በሚባለው ምድብ ውስጥ ስለሆነች፣ ከመሣሪያ በቀር ሁሉም ነገር በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት አሠራር ዕቃዋ ከቀረጥ ነፃ ይገባል። መሣሪያ ሲባል የጦር ነው፤ በገና አይነካውም። የሚያስፈልገው ዕቃው ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ ለመሆኑ ላኪው ኢንቮይሱ ላይ የሚጽፈው የትውልድ መግለጫ ነው። ቃሉ በደንብ የተወሰነ ነው፤ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በስፓኒሽ ይጻፋል፤ በራሳችን ቃል አይሆንም። የዕቃው ዋጋ እስከ 6000 ዩሮ ድረስ ከሆነ ላኪው መመዝገብ አያስፈልገውም፤ ማንኛውም ሠሪ ሊጽፈው ይችላል። ቃሉን የዞል ድረ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። ገልብጣችሁ ለሠሪው ላኩለት፣ ይፈርምበት። ቫቱ ግን በዚህ አይቀርም።

ለአንድ በገና 15 ዩሮ ብዙ ላይመስል ይችላል። ለኛ ጥቅሙ የታየው በኋላ ነው። የኔን ያዩ ወላጆች ለልጆቻቸው ፈለጉና ሰንበት ትምህርት ቤቱ በአንድ ላይ በርከት ያሉ በገናዎችና ክራሮች አዘዘ። መግለጫው ከመነሻው ኢንቮይሱ ላይ ስለነበረ ቀረጥ አልተከፈለም። ኢንቮይሱ ላይ እያንዳንዱ ዕቃ ከነዋጋውና ከነዓለም አቀፍ የጉምሩክ ቁጥሩ ተዘርዝሯል። ለባለ አውታር መሣሪያ 9202፣ ለከበሮ 9206፣ ለዋሽንት 9205 ነው። ይህ ቁጥር ሲጻፍ ሠራተኛው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መጽሐፍ አያገላብጥም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። አስመጪው ግለሰብ ሳይሆን የተመዘገበ ማኅበር ከሆነ ኢኦሪ የሚባል የጉምሩክ መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል። ክፍያ የለውም፤ ግን ጊዜ ይወስዳል። ዕቃው ከመላኩ በፊት አውጡት።

ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ግን ሻንጣ ነው። ራሳችሁ አገር ቤት ስትሄዱ ይዛችሁት ኑ። በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ ሰው፣ ዕድሜው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ለራሱ፣ ለቤተሰቡ ወይም ለስጦታ የሚሆን እስከ 430 ዩሮ የሚያወጣ ዕቃ ያለቀረጥና ያለቫት ያስገባል። የኔ 280 ዩሮ በገና በዚህ መንገድ ቢመጣ ኖሮ አንድ ሳንቲም አይከፈልበትም ነበር፤ መላኪያውም ይቀር ነበር። እኔ ያን ዓመት መሄድ ስላልቻልኩ ነው በፖስታ ያስመጣሁት። ጓደኛዬ ክራሯን እንዲህ ነው ያመጣችው፤ ደረሰኟን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ፣ ማንም ሳያስቆማት ወጣች።

ይህም ቢሆን ገደብ አለው። ዋጋው ከ430 ካለፈ በቀዩ መውጫ በኩል ሄዳችሁ ታሳውቃላችሁ። የሚታሰበውም ትርፉ ብቻ አይደለም፤ የማይከፋፈል አንድ ዕቃ ስለሆነ በሙሉ ዋጋው ነው። ባልና ሚስት «ግማሹ የኔ፣ ግማሹ የሷ» ማለት አይችሉም። ጀርመን ውስጥ እስከ 700 ዩሮ ለሚደርስ የመንገደኛ ዕቃ ቀረጡና ቫቱ በአንድ ላይ፣ በአብዛኛው 17.5 በመቶ ሆኖ ይሰላል። በዚህ መጠን ለ500 ዩሮ ዕቃ 87 ዩሮ ተኩል ማለት ነው። የማሳውቀው የለኝም ብሎ በአረንጓዴው መውጫ ወጥቶ መያዝ ግን ከዚህ በላይ ያስወጣል። ለሽያጭ ወይም ለማኅበር የሚመጣ ዕቃም በዚህ ነፃነት አይገባም።

አየር መንገዱንም ቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ የሻንጣው ሦስት ልኬት ተደምሮ ከ158 ሴንቲሜትር ሲበልጥ ተጨማሪ ያስከፍላሉ። በገና በሣጥን ከዚያ ያልፋል፤ ክራርና መሰንቆ ግን ይገባሉ። አውታሩን አላሉት፤ አውታሩ የሚያርፍበትን በርኩማ አውርዳችሁ በጨርቅ ጠቅልሉት። እንዝራዎቹ ትናንሽ ቆዳዎች ስለሆኑ ይጠፋሉ፤ በፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ በእጅ ቦርሳ ያዙ።

ስለ ቆዳው ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ያልለፋ፣ ፀጉሩ ያለበት ቆዳ የእንስሳት ጤና ቁጥጥር ይመለከተዋል፤ በተለይ ከበሮ። ፈታሾቹ የሚጠነቀቁት በምክንያት ነው። በ2006 ስኮትላንድ ውስጥ፣ በ2008 ደግሞ ለንደን ውስጥ፣ ከእንስሳት ቆዳ ከበሮ ጋር በተያያዘ በአባ ሰንጋ የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ቆዳው ፀጉሩ ተገፎ፣ በደንብ ለፍቶና ደርቆ ይሠራ። ኢንቮይሱም ላይ «የለፋ የፍየል ቆዳ» ተብሎ ይጻፍ። ከበሮ የምታስመጡ ደግሞ ከማዘዛችሁ በፊት ለዞል በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱንም አትማችሁ ያዙ። አውስትራሊያ ያላችሁ በዚህ ጉዳይ የበለጠ ጥብቅ አሠራር ስላለ ሠሪውን ሳታዝዙ በፊት የአገሩን የባዮሴኩሪቲ፣ ማለትም የተባይና የበሽታ መከላከያ፣ ደንብ እዩ።

ሌላ አገር ላላችሁም ጥቂት ልበል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የቫቱ መጠን ይለያያል እንጂ አካሄዱ አንድ ነው። ድሮ እስከ 22 ዩሮ የሚያወጣ ዕቃ ቫት አይከፈልበትም ነበር፤ ያ ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀርቷል። እስከ 150 ዩሮ የነበረውን የቀረጥ ነፃነትም ኅብረቱ ሊያነሳው ወስኗል፤ ርካሽ ክራር የምታዙ ወቅታዊውን ደንብ አይታችሁ እዘዙ። እንግሊዝ ውስጥ ቫቱ 20 በመቶ ነው፤ የስጦታው ገደብ 39 ፓውንድ፣ በአውሮፕላን የሚገባ መንገደኛ የሚፈቀድለት 390 ፓውንድ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ፣ እስከ 800 ዶላር በፖስታ ያለቀረጥ ይገባ የነበረው ከነሐሴ 29 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆሟል። አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች የሰጠችው አጎዋ የሚባለው የቀረጥ ነፃ ዕድልም ለኢትዮጵያ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ የለም። ስለዚህ የዘመድ ምክር ከመስማታችሁ በፊት ምክሩ የስንት ዓመት እንደሆነ ጠይቁ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ዞል የሚሰጣችሁን የክፍያ ወረቀት አትጣሉት። በገና ይታመማል፤ እዚህ የክረምት ማሞቂያ እንጨቱን ያደርቀዋል፤ የኔም ገበቴው ስንጥቅ አወጣ። ለማሳደስ ወደ አዲስ አበባ ስወስደው ያን ወረቀትና የበገናውን ፎቶ ይዤ ሄድኩ። ስመለስ «ይህ ከዚህ የወጣ የራሴ ዕቃ ነው» የምልበት ማስረጃ ሆነኝ። ከመሄዳችሁ በፊት ዞል ቢሮ ሄዳችሁ ዕቃው የናንተ እንደሆነ ማረጋገጫ ማስሞላትም ይቻላል። አንዴ የተከፈለበትን ድጋሚ መክፈል የለም፤ ለእድሳቱ ያወጣችሁት ገንዘብ ግን ሊጠየቅ ስለሚችል የእድሳቱንም ደረሰኝ ያዙ።

በመጨረሻ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ስናዝ ለሠሪው የላክሁትን መልእክት እንዳለ አስቀምጣለሁ። ገልብጣችሁ ተጠቀሙበት፦

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ሥራው እንዴት ይዞዎታል? ያለቁትን ሲልኩልን እባክዎ እነዚህን ያድርጉልን። ኢንቮይሱ ላይ የርስዎን ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የኛን ስምና አድራሻ፣ ቀኑን፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም፣ ከምን እንደተሠራና የተከፈለውን ትክክለኛ ዋጋ ይጻፉልን። ስጦታ እንዳይባል፤ ዋጋውም እንዳይቀነስ። ከታች የላክሁልዎትን የእንግሊዝኛ ቃል እንዳለ ገልብጠው ይፈርሙበት። እያንዳንዱ ገበቴ ውስጥ ስምዎንና ዓመቱን ይጻፉበት፤ ቀለሙ እንዳይጠቁር። የቅርስ ወረቀቱን የአክስቴ ልጅ መጥቶ ያስጨርሳል። አውታሩን አላልተው ያሽጉልን፤ ካርቶኑ ውስጥ ሌላ ምንም ነገር እንዳይገባ። ቀብዱን ዛሬ በቴሌብር ልከናል፤ ሲደርስዎ ይንገሩን። እግዚአብሔር ይስጥልን።»